የተረሱ የዓለም ፊልሞችን ፈልጎ ማግኘት፦ አዳማ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ብርቅ ፊልም ፍለጋ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና ከመጀመሪያው ነው። ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ከፍቶ «ያልታወቁ ምርጥ ፊልሞች» ብሎ ይጽፋል፤ ሚሊዮን ሰው ያየውን ዝርዝር ይዞ ይመለሳል። መፈለጊያው የሚያቀርበው ብዙ ሰው የነካውን ነው፤ ማንም ያልነካው በዚያ በኩል አይመጣም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ፊልሙ የተሰወረበት ምክንያት፣ ፋይሉ በመጨረሻ። ብዙዎች የሚዘሉት መካከለኛውን ነው፤ የት እንደሚፈለግ የሚነግረው ግን እሱ ነው።

ከታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

ስም ለመሰብሰብ ስልክ ይበቃል። ከማውረድ ጀምሮ ላሉት ደረጃዎች ግን ላፕቶፕ ፈልጉ፤ የራሳችሁ ባይኖር የጓደኛ ላፕቶፕ ለአንድ ማታ ይበቃል።

ማጠራቀሚያ፦ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በ480 ጥራት ከ500 እስከ 800 ሜጋ፣ በ720 ከ1 እስከ 1.5 ጊጋ፣ በ1080 ከ2 ጊጋ በላይ ይይዛል። ለጀማሪ ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃዋል። ፍላሹን ስትገዙ ፎርማቱን እዩ። «ፋት32» ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚላችሁ ለዚህ ነው። «ኤክስፋት» አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። አሮጌ ቴሌቪዥን ኤክስፋት ላያነብ ስለሚችል ለቴሌቪዥን የምትጠቀሙበትን ፍላሽ ለይታችሁ በፋት32 ተዉት።

ዳታ፦ ለቀቅ ያለ ዋይፋይ ከሌላችሁ የሌሊቱን ጥቅል ተጠቀሙ። በኢትዮ ቴሌኮም *999# ደውላችሁ የሌሊት ጥቅሎችን ዋጋና ሰዓት ከማውረዳችሁ በፊት አረጋግጡ። ጥቅሉ ሳያልቅ ሰዓቱ ካለፈ ቀሪው አይጠቅማችሁም፤ የፊልሙን መጠን አስልታችሁ ግዙ።

ፕሮግራም፦ ቪኤልሲ ማጫወቻ፣ ሰብታይትል ኤዲት፣ የተቋረጠ ማውረድ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ።

መዝገብ፦ ደብተርም ኤክሴልም ይሆናል። ዓምዶቹ፦ የታወቀበት ርዕስ፣ ዋናው ርዕስ በራሱ ፊደል፣ ዳይሬክተር፣ ዓመት፣ ርዝመት በደቂቃ፣ ቋንቋ፣ ለምን ተሰወረ፣ የት ተፈለገ፣ ውጤት። ርዝመቱን ባዶ አትተዉ። ሐሰተኛ ፋይል የሚያዘው በእሱ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ አገርና አንድ ዘመን ምረጡ

«የዓለም ፊልም» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ አገርና ከ10 እስከ 15 ዓመት የሚሆን ዘመን ያዙ።

ለጀማሪ ቀላሉ የደቡብ ኮሪያ የ1955–1970 ፊልም ነው። የኮሪያ ፊልም ቤተ መዛግብት ራሱ በዩቲዩብ ቻናሉ ሙሉ ፊልሞችን ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጋር ስላስቀመጠ፣ ከፍለጋ እስከ ማየት ያለውን ሂደት ያለ ብዙ ድካም ትለማመዳላችሁ። የሶቪየት ፊልምም ሞስፊልም በሚባለው የሞስኮ ስቱዲዮ ቻናል በኩል ቅርብ ነው። በክብደት መካከለኛ የሚሆነው የሴኔጋል ወይም የኢራን ፊልም ነው፣ ከ1965 እስከ 1979። የሱዳንና የሶማሊያ ፊልም ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት። በከባዱ የጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል።

ደረጃ 2፦ ስም ሰብስቡ፤ ፊልም አትፈልጉ

በዚህ ደረጃ ምንም አታውርዱ፣ ምንም አትክፈቱ። ዓላማው ከ25 እስከ 30 ስም መዝገቡ ላይ ማስፈር ነው። አራት ምንጮች አሉ፤ ቢያንስ ሁለቱን ተጠቀሙ።

*የፌስቲቫል የውድድር ዝርዝር።* አሸናፊውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እናንተ ከእሱ ጋር ተወዳድረው የተሸነፉትን ውሰዱ። ለአፍሪካ ከ1969 ጀምሮ ዋጋዱጉ የሚካሄደው ፌስፓኮና ከ1966 የጀመረው የቱኒዚያው ካርቴጅ ይቀድማሉ። የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ፊልም በአንድ ላይ ለሚፈልግ ከ1979 ጀምሮ በፈረንሳይ ናንት ከተማ ያለው የሦስቱ አህጉራት ፌስቲቫል አለ። ለዘጋቢ ፊልም የጃፓኑ ያማጋታ። የታደሱ (የተጎዳ ምስልና ድምፃቸው የተጠገነ) አሮጌ ፊልሞች ደግሞ በየዓመቱ በፈረንጆች ሰኔ (ጁን) መጨረሻ አካባቢ በጣሊያን ቦሎኛ ላይ በሚካሄደው ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶ ይታያሉ፤ የዚያን ፕሮግራም ብቻ ማንበብ ለዓመት የሚበቃ ስም ይሰጣል።

*የነጠላ መራጮች ዝርዝር።* የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ያስመርጣል። በ2022ቱ ምርጫ 1,639 ሃያሲያንና የፊልም ባለሙያዎች፣ በተለየ ምርጫ ደግሞ 480 ዳይሬክተሮች ድምፅ ሰጥተዋል። ሰው የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 100 ነው፤ እናንተ እሱን ዝለሉት። በእንግሊዝ ፊልም ኢንስቲትዩት ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ መራጭ የመረጣቸው 10 ፊልሞች በስሙ ስር አሉ። ከመረጣችሁት አገር የመጡ መራጮችን ፈልጉ፣ ከ100ዎቹ ውስጥ ያሉትን አውጡ፣ የቀረውን መዝግቡ። አንድ ሰው ብቻ የመረጠው ፊልም ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት። ከአሥር ቦታ አንዱን ለማንም ላልታወቀ ፊልም የሰጠ ሰው ምክንያት አለው።

*አይኤምዲቢን በቁጥር ማጣራት።* አይኤምዲቢ የፊልሞች መረጃና የተመልካች ነጥብ የሚገኝበት ድረ ገጽ ነው። ዝርዝር መፈለጊያውን (አድቫንስድ ሰርች) ክፈቱና እንዲህ ሙሉ፦ ዓይነት፣ ሙሉ ፊልም፤ አገርና የዘመን ክልል፣ የመረጣችሁት፤ ነጥብ፣ ከ7 በላይ፤ የድምፅ ብዛት፣ ከ150 እስከ 3000። የመጨረሻው ካልተሞላ ሌላው ዋጋ የለውም፤ ታዋቂዎቹን የሚያስወጣው እሱ ነው። ዝቅተኛውን ከ150 አታውርዱ። 40 ሰው ድምፅ ሰጥቶት 9.4 ያገኘ ፊልም በአብዛኛው የተዋናዮቹ ዘመድ ወዳጅ የሞላው ነው።

*የሌተርቦክስድ ተመልካቾች።* ሌተርቦክስድ ሰዎች ላዩት ፊልም ነጥብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ ነው። ወድዳችሁት ብዙ ሰው ያላየው አንድ ፊልም ካላችሁ ገጹን ክፈቱና ከፍተኛ ነጥብ የሰጡትን ሰዎች ዘርዝሩ። የአምስት ስድስቱን የግል ገጽ ግቡ፤ አራት ተወዳጅ ፊልሞቻቸው ከላይ ተደርድረዋል። በሁለት ሰው ገጽ ላይ የተደጋገመና የማታውቁት ርዕስ ወደ መዝገብ ይግባ።

ስሞቹ 30 ከሞሉ አቁሙ። ዝርዝር ማስረዘም ራሱ ሱስ ይሆናል፤ 400 ፊልም መዝግቦ አንድም ያላየ ሰው ሞልቷል።

ደረጃ 3፦ «ለምን ተሰወረ?» ብላችሁ ጠይቁ

በእያንዳንዱ ስም ላይ አሥር ደቂቃ አጥፉ፦ የዊኪፔዲያውን ገጽ፣ የታደሰ ከሆነ ያደሰው ተቋም የጻፈውን አንብቡ። ምክንያቱ ከእነዚህ በአንዱ ይወድቃል፤ የፍለጋው አቅጣጫም ከዚያ ይወጣል።

የመብት ክፍያ፦ የኃይሌ ገሪማ የዩሲኤልኤ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ዘመነኛ የሆነው ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን በ1970ዎቹ በተማሪነቱ ሠራው። ፊልሙ ውስጥ ላሉት ዘፈኖች መብት ስላልተከፈለ በመደበኛ መንገድ ሲኒማ ቤት የገባው በ2007 ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ሲለቀቅ በኦፊሴል፣ በጥሩ ጥራት ይለቀቃል፤ የሚፈለገውም በአከፋፋዩና በፌስቲቫል በኩል ነው። በዘፈቀደ ቻናል ላይ ድምፁ የተቆረጠ ቅጂ ነው የሚገኘው፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ ዘፈኑን ለይቶ ያጠፋዋል።

እገዳ፦ የሞሐመድ ሬዛ አስላኒ «የነፋስ ቼዝ» (1976) ከኢራን አብዮት በኋላ ታገደ፤ ጠፍቷል ተብሎ ኖሮ በ2014 ቴሕራን ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ተገኘና በ2020 ታደሰ። የታገደ ፊልም ሲገኝ ከአገሩ ውጭ ነው የሚታደሰው። የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክትን (በማርቲን ስኮርሴዚ አነሳሽነት በ2007 የተቋቋመ) እና ከዩኔስኮና ከአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽን ጋር በ2017 የተጀመረውን የአፍሪካ ፊልም ቅርስ ፕሮጀክት ዝርዝር እዩ።

ሰብታይትል አለመኖር፦ ፊልሙ በአገሩ የታወቀ ነው፣ ውጭ ግን አልተተረጎመም። የሚፈለገው በአገሩ ፊደል ነው (ደረጃ 4)።

ርዝመት፦ 35 ወይም 50 ደቂቃ የሆነ ፊልም ለሲኒማ አጭር፣ ለአጭር ፊልም ረጅም ነው፤ ሁለቱም ቦታ ይገፋዋል። የመንግሥት ፊልም ተቋማት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። በ1939 የተመሠረተው የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ ይህን ዓይነት ፊልም በብዛት በነፃ ያሳያል።

በካሴት ብቻ መቅረት፦ የእኛው አገር ችግር በአብዛኛው ይህ ነው። ደረጃ 5 መጨረሻ ላይ አለ።

ከ30ዎቹ ውስጥ ምክንያታቸው የታወቀላችሁን 8 ብቻ ምረጡ። ሌሎቹ ይቆዩ።

ደረጃ 4፦ ዋናውን ርዕስ በራሱ ፊደል ያዙ

ይህ አጭር ሥራ ነው፤ የሚለውጠው ግን ብዙ ነው። የፊልሙን የዊኪፔዲያ ገጽ ክፈቱ፣ ከቋንቋዎች ዝርዝር ፊልሙ የተሠራበትን ቋንቋ ንኩ፣ ከላይ የሚመጣውን ርዕስ ኮፒ አድርጋችሁ መዝገቡ ላይ ለጥፉ። የዳይሬክተሩንም ስም እንዲሁ። ማንበብ ባትችሉም ለጥፉት፤ ዩቲዩብ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ሦስት ውጤት ብቻ የሰጠ ርዕስ በፋርስኛ ወይም በኮሪያ ፊደል ሲለጠፍ ሙሉ ፊልሙን ሊያመጣ ይችላል።

የእኛም ፊልም እንዲሁ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) በውጭ ዝርዝሮች የተመዘገበው «ሚርት ሶስት ሺ አሚት» ተብሎ በላቲን ፊደል ነው። በትክክለኛው አነባበብ የፈለገ አያገኘውም። ላቲን ላይ ስትጽፉ ሦስት አራት አጻጻፍ ሞክሩ። ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቡ፤ አንዳንዱ ገጽ የእኛን ዓመት ሳይቀይር ስለሚገለብጥ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስታዩ ሌላ ፊልም ነው ብላችሁ አትለፉት።

ደረጃ 5፦ ፊልሙን ፈልጉ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

1. የፊልም ቤተ መዛግብትና የስቱዲዮ ኦፊሴላዊ የዩቲዩብ ቻናሎች።
2. የተቋማት ድረ ገጾች፦ የፈረንሳይ ሲኒማቴክ በ2020 የከፈተው «አንሪ» (ብዙው ያለ እንግሊዝኛ ሰብታይትል ነው)፣ የካናዳ ፊልም ቦርድ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ በየሳምንቱ አንድ ፊልም በነፃ የሚያሳየው ለ ሲኔማ ክለብ።
3. ኢንተርኔት አርካይቭ (አሮጌ ፊልምና መጽሐፍ በነፃ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ)።
4. በዋናው ርዕስ፣ በዋናው ፊደል የተደረገ የዩቲዩብ ፍለጋ።
5. ለባለመብቱ ኢሜይል።
6. አዲስ አበባ ባሉ የባህል ተቋማት የሚደረግ ማሳያ።

ወርሃዊ ክፍያ ያላቸውን አገልግሎቶች ያላስገባሁት አውቄ ነው። ተራ የብር ኤቲኤም ካርድ በአብዛኛው አይቀበሉም፤ ብትከፍሉም ለእኛ አገር የሚከፈተው ዝርዝር ሊያንስ ይችላል።

*«በአገርዎ አይታይም» ካለ፦* ነፃ ቪፒኤን ከማውረዳችሁ በፊት ያንኑ ፊልም በቀሪዎቹ አምስት ቦታዎች ፈልጉ። ነፃ ቪፒኤን ፍጥነት ይበላል፣ ዳታ ይጨምራል፣ አንዳንዱም የምትሠሩትን ይመዘግባል። ሌላ ቦታ ከሌለ መዝገቡ ላይ ጽፋችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

*የኦንላይን ማሳያ ሰዓት ካለው፦* ሰዓቱን ቀይራችሁ ጻፉት። ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) 18:00 በእኛ ምሽት 3 ሰዓት ነው። የኒውዮርክ ምሽት 8:00 በእነሱ በጋ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑም በአንድ ይቀድማል። ማሳያው ያለፈባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተሳሳቱት ቀኑን ነው።

*ኢሜይል ስትልኩ፦* አምስት መስመር ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው ፊልም፣ ለምን እዚህ ማግኘት እንዳልተቻለ፣ ብቻችሁን ወይስ ከስንት ሰው ጋር እንደምታዩት፣ የይለፍ ቃል ያለው የማያ ሊንክ ይበቃችሁ እንደሆነ። ፋይል ላኩልኝ አትበሉ። ሊንክ መስጠት ለባለመብቱ ቀላል ነው፤ ፋይል መስጠት ግን ያስፈራዋል። መልስ ካልመጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ።

*አዲስ አበባ ስትሄዱ፦* አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ፣ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን ባህል ተቋም ፊልም ያሳያሉ። የወሩን ፕሮግራም በማኅበራዊ ገጻቸው ላይ እዩና በሄዳችሁበት ቀን ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። በፈጣን መንገዱ መሄድ ችግር የለውም፤ መመለሱ ነው አስቸጋሪው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ሲያልቅ ወደ አዳማ የሚመለስ መኪና አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ማደሪያ ከሌላችሁ የቅዳሜ ከሰዓቱን ምረጡ።

ሐሰተኛ ፋይል መለያ

ከማውረድ በፊት ርዝመቱን ከመዝገባችሁ ጋር አስተያዩ።

- 94 ደቂቃ መሆን ያለበት 90 ደቂቃ ከሆነ አልተቆረጠም። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ቅጂ በሰከንድ 24 የነበረውን ምስል በ25 ያጫውታል፤ ፊልሙ 4 በመቶ ያጥራል።
- 94 ደቂቃው 71 ከሆነ የተቆረጠ ነው። ሌላ ቅጂ ፈልጉ።
- ምስሉ ተገልብጦ ከሆነ (ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ከዞረ) ወይም ጥግ ላይ በትንሽ ሳጥን ከገባ፣ ከመብት ቁጥጥር ለማምለጥ የተደረገ ነው። አትድከሙበት።
- ፊልም ነው ተብሎ የወረደው ፋይል ስም መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ከሆነ ሳትከፍቱ አጥፉት። ፊልም በዚህ ዓይነት ፋይል አይመጣም።

በካሴትና በቪሲዲ የቀረ ፊልም

ሲዲ በየሱቁ ይሸጥ በነበረበት ዘመን የወጣ የአማርኛ ፊልም አንዳንዱ ያለው በሰው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። አዳማ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ሰዎች ጠይቁ፤ ዕቃውን የሸጡትም ቢሆኑ ማን እንደገዛቸው ያውቃሉ።

ቪሲዲ ካገኛችሁ ሁለቱንም ዲስክ ጠይቁ። አንዱ ዲስክ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ፊልሙ ለሁለት ተከፍሏል። ዲስኩን ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ፣ ጭረቱ መረጃው በተጻፈበት አቅጣጫ ይሄዳልና። «ኤምፒኢጂኤቪ» የሚባለውን ፎልደር ክፈቱና «ዳት» የሚል መጨረሻ ያለውን ትልቁን ፋይል ገልብጡ፤ ቪኤልሲ እንዳለ ያጫውተዋል። ኮፒው መሐል ላይ ከቆመ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ፤ አሮጌ የዲቪዲ ማንበቢያ አዲሱ እምቢ ያለውን ብዙ ጊዜ ያነባል።

የቪኤችኤስ ካሴት ከሆነ በመስኮቱ በኩል ቴፑን እዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻ ውስጥ እንዳታስገቡት። ቴፑ ሊበጠስ ይችላል፤ ሻጋታውም ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይተላለፋል።

ደረጃ 6፦ ማውረድ

መብራትና ኔትወርክ እንደሚቋረጥ አስባችሁ ጀምሩ። በብሮውዘር በቀጥታ የተጀመረ 1.2 ጊጋ ፋይል 80 በመቶ ላይ ከተቋረጠ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ከሆነ ከማውረጃ አማራጮች ውስጥ «ቶረንት» የሚለውን ውሰዱ (በቶረንት ፕሮግራም ይከፈታል፤ ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ ያወርዳል)፤ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተበላሸ ቁራጭ ካለም ራሱ ያርመዋል። እዚያው ገጽ ላይ አንድ ፊልም በብዙ መጠን ስለሚቀመጥ «ሁሉንም አውርድ» አትበሉ፣ ቶረንቱም ውስጥ አንዱን ፋይል ብቻ ምረጡ፤ አለበለዚያ ያንኑ ፊልም አራት ጊዜ ታወርዱታላችሁ። «ኤች264» ወይም «ኤምፒ4» የሚለው ለስልክም ለቴሌቪዥንም ይሆናል።

ዩቲዩብ ላይ ከሆነ የመተግበሪያውን የማውረጃ ቁልፍ ሞክሩ፤ የማይሠራ ከሆነ ጥራቱን 480 ላይ አድርጋችሁ በሌሊቱ ጥቅል በቀጥታ እዩ። አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከድሮ ቅጂ የተገለበጠ ከሆነ ከ480 በላይ ስትሉ የሚጨምረው ዳታ ብቻ ነው። ለታደሰ ፊልም ግን ዳታ አትሰስቱ፤ 720 ወይም 1080 አድርጉት፣ የታደሰበት ምክንያት ምስሉ ነውና።

በአዳማ ሙቀት ላፕቶፕ ሌሊቱን ሲያወርድ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አይቀመጥ። ጠረጴዛ ላይ፣ ከስሩ አየር እንዲገባ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት።

ደረጃ 7፦ ሰብታይትል

ብዙ ሰው ፊልሙን አግኝቶ የሚያቆመው እዚህ ነው።

*መጀመሪያ፦* ኦፕንሰብታይትልስ ላይ በዋናው ርዕስና በዓመቱ ፈልጉ። ከአንድ በላይ ከመጣ ርዝመቱ ከፋይላችሁ ጋር የሚቀርበውን ውሰዱ። የሰብታይትሉን ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርጉና አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ፤ ቪኤልሲም ቴሌቪዥኑም በራሳቸው ያገኙታል።

*ከድምፁ ጋር ካልገጠመ፦* ሁለት ቦታ ላይ ፈትሹ፣ አምስተኛው ደቂቃ እና ሰባኛው ደቂቃ። ልዩነቱ በሁለቱም እኩል ከሆነ (ለምሳሌ ሁለቱም ላይ 3 ሰከንድ) ቪኤልሲ ላይ «ኤች» ቁልፍ ያዘገየዋል፣ «ጂ» ያፈጥነዋል፤ አንዱ ጭነት 50 ሚሊሰከንድ ነው። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን በቁልፍ አይስተካከልም። ያ የ24 እና የ25 ጉዳይ ነው፦ 90 ደቂቃው ፊልም 86 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ሆኗል ማለት ነው። ሰብታይትል ኤዲት ውስጥ የምስል ፍጥነት መቀየሪያውን ክፈቱ፣ «ከ24 ወደ 25» አድርጉ፣ አስቀምጡ። የትኛው እንደሆነ ካልገባችሁ «ፖይንት ሲንክ» የሚለውን ተጠቀሙ፦ የመጀመሪያውን ንግግርና የመጨረሻውን ንግግር ከትክክለኛው ሰዓት ጋር ታገናኛላችሁ፣ መካከሉን እሱ ያሰላዋል።

*በአማርኛ ከፈለጋችሁ፦* የአማርኛ ሰብታይትል ለእነዚህ ፊልሞች የለም ማለት ይቻላል። ሰብታይትል ኤዲት የእንግሊዝኛውን በማሽን ይተረጉማል፤ ውጤቱ ግን ሳይታረም አይታይም። ሁለት ነገር ይበላሻል።

የመጀመሪያው ግሥ ነው። እንግሊዝኛው አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት መስመር ሲከፍለው ማሽኑ እያንዳንዱን ለብቻው ይተረጉማል፤ የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የመጀመሪያው መስመር ግሥ አልባ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ማሽኑ ከራሱ ግሥ ይፈጥራል። ከመተርጎም በፊት ያልተቋጩትን መስመሮች አዋህዱ።

ሁለተኛው አንተ፣ አንቺና እርስዎ ነው። እንግሊዝኛው አይለይም፤ ማሽኑ ይገምታል። እናት ለልጇ «እርስዎ» ስትል፣ ሚስት «አንተ» ስትባል ታያላችሁ። ፊልሙን አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛው እያያችሁ ማን ለማን እንደሚናገር ለዩና አርሙ። አንድ ፊልም ወደ 1000 የሚጠጋ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ሥራ ለምትወዱት ፊልም ብቻ አድርጉት።

*ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ከሆነ፦* ፋይሉን ሰብታይትል ኤዲት ላይ «ዩቲኤፍ-8» አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቪኤልሲ ውስጥ የሰብታይትል ምርጫዎችን ክፈቱ፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርጉ፣ ዘግታችሁ ክፈቱት። ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ሳጥን ከሆነ የቴሌቪዥኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፤ ምንም ብታደርጉ አይመጣም። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ። ገመድ ከሌለ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሰብታይትሉን ምስሉ ላይ አትሙት፤ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ መሐል ላይ መብራት ከጠፋም እንደገና ነው።

ደረጃ 8፦ ማየት

አሮጌ ፊልም ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቢመጣ ትክክል ነው። ስክሪኑን ለመሙላት አትለጥጡት፤ ሰዉ ሁሉ አጭርና ወፍራም ይሆናል። ተለጥጦ ከመጣ ቪኤልሲ ላይ «ኤ» ቁልፍን እየጫናችሁ ክብ ነገር (ጎማ፣ ሰዓት) ክብ እስኪሆን ቀይሩ። ቴሌቪዥን ላይ ከሆነ ከሪሞቱ የምስል መጠኑን 4:3 አድርጉ።

ሰው ጠርታችሁ የምታዩ ከሆነ በዋዜማው በዚያው ዕቃ ላይ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን አሥር አሥር ደቂቃ አጫውቱ። በቤት ከጓደኛ ጋር ማየት አንድ ነገር ነው፤ አዳራሽ ይዛችሁ ማሳየት ስታስቡ ግን የባለመብቱን ፈቃድ በኢሜይል ያዙ።

ደረጃ 9፦ ከአንዱ ፊልም ወደ ቀጣዩ

ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ የሚወርዱበትን ክፍል አትዝጉ። ሦስት ስም ጻፉ፦ ካሜራ የያዘው፣ ስክሪፕት የጻፈው፣ ዳይሬክተሩ የተማረበት ቦታ።

የትምህርት ቤቱ ክር ከሁሉ ይረዝማል። ኃይሌ ገሪማ ብላችሁ ጀምሩ፦ ዩሲኤልኤ ትደርሳላችሁ። እዚያ ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ቢሊ ዉድቤሪ አሉ። ዉድቤሪ በ1984 የወጣውን «ብለስ ዜር ሊትል ሃርትስ» ሲሠራ የጻፈለትም ካሜራ የያዘለትም በርኔት ነው። በሌላ በኩል ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ብላችሁ ብትጀምሩ ሞስኮ ትገባላችሁ፤ ከእሱ ጋር ሣራ ማልዶሮር ተምራለች፣ ስለ አንጎላ ትግል የሠራችው «ሳምቢዛንጋ» (1972) ደግሞ በአፍሪካ ፊልም ቅርስ ፕሮጀክት ታድሷል። የማሊው ሱሌማን ሲሴና የሞሪታኒያው አብደራህማን ሲሳኮም ሞስኮ ነው የተማሩት። ከአንድ ክር እንዲህ አምስት ስም ይወጣል፤ ወደ ደረጃ 2 የምትመለሱት ክሩ ሲያልቅ ብቻ ነው።

አንድን ፊልም ስድስቱም ቦታ ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ መዝገቡ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ «ይቆይ» በሉት። በየሳምንቱ አትመለሱበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የቦሎኛው ፕሮግራም ሲወጣ፣ «ይቆይ» ያላችኋቸውን ርዕሶች ከአዲሱ ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ ከታደሱት መካከል ያገኛችሁትን ከደረጃ 5 ጀምራችሁ እንደገና ፈልጉት።